ቁጥር ሁለት ላይ

«ሞተሩ የሴት እጅ አይወድም» አለ ካቦው ሀብተጊዮርጊስ፣ ከነጋ ለሦስተኛ ጊዜ። «ድርቤ ያቺን ሳጥን ከሰቀለችበት ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ያኮርፋል።»

ድርቤ ካቻቢቴዋን ከጥርሷ አወጣች። «ካኮረፈ እርስዎ ያባብሉት። ጠባያችሁ አንድ ነው።»

ከቡና መፈልፈያው ሞተር አጠገብ ሲሚንቶው ላይ በባዶ እግራቸው የተቀመጡት ቡና ለቃሚዎች አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ።

ሳጥኗ ጥቁር ናት፤ ከመዳፍ አትበልጥም። ኤሌክትሪክ ከሞተሩ አምልጦ ወደ መሬት ሲፈስ ሞተሩን ታጠፋለች። ስንት ሲፈስ እንደምታጠፋ የሚወስነው ከአንድ እስከ ዐሥር የተቆጠረ ቁልፍ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥቂት ሲፈስም ታጠፋለች። ድርቤ ይህን ያወቀችው ከሚሲዮኑ ወርክሾፕ ከተጣለ ሽፋን የለሽ መጽሐፍ ነው፤ ያስተማራት ሰው የለም፤ ቢኖርም አትመሰክርለትም ነበር። ቁልፉን ሁለት ላይ ያደረገችው በጥቅምት ሞተሩ ከለቃሚዎቹ አንዷን፣ ወርቂቱን፣ ነዝሮ ከወረወራት በኋላ ነው። የወርቂቱ ቀኝ እጅ ዛሬም ፍሬ አይቆነጥርም፤ በግራዋ ትለቅማለች።

ጠዋት ስትለካው ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያፈሳል፤ ረፋዱ ላይ ይሻለዋል፤ ቀትር ላይ እንደ አዲስ ነው። ጣራውን አይታ፣ ግድግዳውን ዳብሳ እርጥበት አላገኘችም። ሆኖም ደብተሯ ላይ «የኅዳር ጤዛ» ብላ ጽፋ ከሥሩ አስምራበታለች። አንዴ ያሰመረችበትን መሰረዝ አትወድም።

ባለቤቱ አቶ መሸሻ በሦስት ሰዓት መጡ። በር ላይ ቡና የሚጠብቁትን ሁለት የጭነት መኪናዎች አይተው ነበር የገቡት።

«ዐሥር ላይ አድርጊው።»

«ዐሥር ላይ ከሆነ፣ ጌታዬ፣ ሰው ካልሞተ አታጠፋም።»

«ሳጥን ሳይኖረውም ሠርቷል።»

«ወርቂቱን ይጠይቋት።»

አቶ መሸሻ ወደ ወርቂቱ አልዞሩም። ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። «ግማሽ ቀን የሚሠራ ሞተር አልቀልብም። አዲስ አበባ የሚገዛው አለ፤ እኔን የድሮው የናፍጣ ሞተር ይበቃኛል። ለናፍጣው ደግሞ አንቺ አታስፈልጊኝም። ምረጪ።»

እጇ ቁልፉ ላይ ነበር። ለማዞር የጣት ጫፍ ይበቃል። በነቀምቴ ለሴት ሞተር የሚያስነካ ሌላ ቤት እንደሌለ ታውቃለች። የወርቂቱን ግራ እጅ አየች፤ ፍሬ ያነሣል፣ ይጥላል፣ ያነሣል። እጇን አወረደች።

«ይሽጡት» አለች።

ቀትር ላይ ስምንት ሰዎች ሞተሩን ተሸክመው መኪና ላይ ጫኑት። «አላልኩም? የሴት እጅ አይወድም» አለ ሀብተጊዮርጊስ። ድርቤ ሳጥኗን በሞተሩ ላይ አሰረች፤ ቁልፉንም ሁለት ላይ እንዳለ በሰም አተመችው።

መሣሪያዎቿን በነጠላዋ ጠቅልላ ስትወጣ የሌሊት ዘበኛው ኦቦ ታፋ ከመኪናው ላይ ሲወርዱ አገኘቻቸው። በወጣትነታቸው እስከ አምቦ በቅሎ የነዱ ሽማግሌ ናቸው። ባዶ ባልዲ ይዘዋል። ሞተሩ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጆንያ ተነጥፎበታል።

«ኦቦ ታፋ፣ ምን አደረጉት?»

«አሳረፍኳት፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። በቅሎ ጭነቷ ሲራገፍ ጀርባዋ ካልቀዘቀዘ ትቆስላለች። ይቺም ማታ ማታ እንደ ምድጃ ትግላለች። እርጥብ ጆንያ አለብሳትና እናንተ ሳትመጡ አነሣላታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣች ጀምሮ ነዋ። አንድ ሌሊት አላጓደልኩባትም።»

መኪናው ተነሣ። አቧራው ላይ ቀጭን የውሃ መስመር እየተወ ቁልቁል ወረደ። ኦቦ ታፋ ባልዲያቸውን ገልብጠው ተቀመጡበት።

«አታስቢ» አሏት። «መንገዱ ሩቅ ነው ብዬ፣ ጉቴ ከተማ ሲደርስ ደግሞ ውሃ እንዲያፈስባት ለሹፌሩ ነግሬዋለሁ።»