የተከራየቻት ቪትዝ

ሩፈይዳ የሰፋችውን የተማሪ ዩኒፎርም ከጅማ አጋሮ የምታደርሰው ከሐጂ አብዱልሃዲ በወር በተከራየቻት አሮጌ ቪትዝ ነበር። ዓመት ሙሉ ኪራይ ስትከፍል ኖራ መኪናዋ የራሷ አለመሆኗ ቢቆጫት፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር የሚሸጥ አንድ ያገለገለ መኪና ልታይ መካኒኩን ጎሳዬን ይዛ ሄደች። የመኪናው ቀለም ያብረቀርቃል። ጎሳዬ ግን ከሥሩ ገብቶ ሲወጣ ራሱን ነቀነቀ።

«ተጋጭቶ የተጠገነ ነው፤ ይቅርብሽ። ያቺ የምትነጂያት ትሻልሻለች። ሞተሯ ገና ደህና ነው፣ እኔው አይደለሁ የማያት?»

የሩፈይዳ ልብ ዘለለ። እንዴት እስከ ዛሬ አላሰበችውም! በቀጥታ ወደ ሐጂ ቤት ነዳች።

«ሐጂ፣ መኪናዋን ለምን አይሸጡልኝም? ያጠራቀምኩትን አሁን ልስጥዎት፤ የቀረውን እንደ ኪራዩ በየወሩ እከፍላለሁ።»

ሐጂ በመስኮት ወደ መኪናዋ አዩ። ሩፈይዳ መቀመጥ አቅቷት ቆመች።

«ቶሌ፣ እሺ» አሉ በመጨረሻ። «እኔማ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ አልነዳትም። ኢንሻአላህ ሰኞ እንዋዋላለን። ግን አርብ አርብ መስጊድ ታደርሺኛለሽ።»

«አልሐምዱሊላህ! ዛሬም እኮ አርብ ነው፤ ይነሱ እንጂ!» አለችና እየሳቀች የመኪናዋን በር ልትከፍትላቸው ቀድማ ወጣች።