የዝግባ ማርያም ግዝት

ቄሰ ገበዝ ወልደ ገብርኤል ሰው አያምኑም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሳቸውም አይክዱትም። የዝግባ ማርያምን ዕቃ ቤት ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚተኙት። ከማኅሌት በፊትና በኋላ መቋሚያና ጸናጽሉን ሳይቆጥሩ ወደ ቤታቸው አይሄዱም። የጋይንቷ ቤተ ልሔም አብረዋቸው ድጓ የተማሩ ሰዎች፣ ያኔም ቢሆን አኩፋዳቸውን ተንተርሰው ነበር የሚያድሩት ብለው ይስቁባቸዋል።

እኒህ ሰው እንግዳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን እንዲገባ የፈቀዱት በልጃቸው በዳግማዊት ምክንያት ብቻ ነው። ልጅቷ በቱሪዝም ተመርቃ ንፋስ መውጫ ላይ ሥራ ስትፈልግ ጫማዋን ጨርሳለች። በመጨረሻ አገር ቤት ገባችና፣ «አባ፣ ሰው ወፍና ገደል ለማየት ከሩቅ ይመጣል። እዚሁ ጎጆ ሠርቼ እንግዳ ልቀበል። ይኼ ካልሆነልኝ ግን አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ የምመለስም አይመስለኝ» አለቻቸው። ያለቻቸው አንድ ልጅ እሷ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሳቅ የሚሰማው እሷ ስትኖር ብቻ ነው። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤውን ደጅ ጠንተው አስፈቀዱላት። ወፍ ለማየት ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው አለ የሚለው ነገር ግን አንድም ቀን አልተዋጠላቸውም።

የመጀመሪያዋ እንግዳ በጥር ወር፣ ሐሙስ ዕለት መጣች። ሕይወት የምትባል የአዲስ አበባ መምህርት ናት። ቄሰ ገበዙ የጠበቁት ፈረንጅ ነበር፤ ፈረንጅ ቢሆን በተሻላቸው። ፈረንጅ ያለ ምክንያት እንደሚዞር አገር ያውቃል። ሐበሻ ግን ያለ ጉዳይ አይንቀሳቀስም። ወይ ፀበል ፍለጋ ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ የመሬት ነገር ነው።

«ባል አላት?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁ።

«አልጠየቅኋትም አባ።»

«ሕመም አለባት?»

«ደኅና ናት። ወፍ ልታይ ነው የመጣችው።»

«አዲስ አበባ ወፍ ጠፋ?»

ዳግማዊት ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ከመተኛታቸው በፊት ሄደው የዕቃ ቤቱን መቆለፊያ ጎትተው አዩት።

በማግሥቱ ኪዳን አድርሰው ሲወጡ ገና ወገግ እያለ ነበር። ከደኑ ውስጥ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር፣ ሕይወት ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። አትንቀሳቀስም።

«እንዴት አደርሽ?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

ዝም አለች። አልሰማች ይሆናል ብለው ቀረብ አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙላት። ዞር ብላ አየቻቸው። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፣ በአክብሮት ዝቅ አለችና ፊቷን ወደ ዛፉ መለሰች።

ቄሰ ገበዙ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። በጋይንት የቄስ ሰላምታ የሚነፍግ ሰው የለም፤ ልጅ እንኳ ምግቡን እንደጎረሰ ይመልሳል። በንጋት ሰላምታ የማይመልስ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሥር ማሽ ነው። ለድግምት ሥር የሚነቅል ሰው ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል፤ የፈለገውን እስኪያገኝ ከማንም ጋር ቃል አይለዋወጥም። ከተናገረ ሥሩ ኃይሉን ያጣል ይባላል። ይህን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ከቅጥሩ ኋላ ተሸሽገው ተመለከቱ። ሕይወት ቆይታ ቆይታ ተንበረከከች። ከዛፉ ሥር አንድ ነገር አነሣች፣ በላስቲክ ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ልጃቸውን አንድ ቃል ቢጠይቋት ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አልጠየቁም። ተጠራጣሪ ሰው መጠየቅ አይወድም፤ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋላ! ይልቅስ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁለቱ ሴቶች ገደሉን ለማየት ሲሄዱ ጠብቀው የእንግዳዋ ጎጆ ገቡ። የእንግዳ ጓዝ መፈተሽ ነውር መሆኑን አላጡትም። ሌላ ሰው ቢያደርገው ንስሐ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ቢሆንም ቦርሳውን ከፈቱት።

ላስቲኩ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል ድብልብል ነገር አገኙ። ሲፈረክሱት ግራጫ ጠጉር ሆነ። በጠጉሩ መሐል መርፌ የሚያካክሉ አጥንቶችና ጥርስ ያለው ትንሽ የራስ ቅል አለ። እያማተቡ በመሐረባቸው ቋጥረው ወጡ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ደጀ ሰላም ተሰብስቦ ሳለ፣ መሐረቡን ፈተው መሐል ላይ ዘረጉት። በንጋት ያዩትን፣ ሰላምታ መነፈጋቸውንም አንድ በአንድ ተናገሩ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አበባው ጎንበስ ብሎ አየና አማተበ።

ሕይወት ከሴቶቹ መሐል ነበረች። መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም፤ ሲገባት ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«ቦርሳዬን ከፍታችሁ ነው?» አለች። «የጉጉት ትፋት እኮ ነው። ጉጉት አይጥ ትውጥና አጥንቱንና ጠጉሩን መልሳ ትተፋዋለች። ለተማሪዎቼ ላሳያቸው ብዬ ነው። እዚህ ድረስ የመጣሁትም ጉጉቷን ፍለጋ ነው።»

ይሄኔ የባሰው መጣ። ጉጉት ጣራው ላይ ስትጮህ «በስመ አብ» ብሎ የሚነሣ ሕዝብ ነው። ይቺ ደግሞ ከአዲስ አበባ ድረስ ጉጉት ፍለጋ መጣሁ ትላለች፤ ትፋቷንም በቦርሳ ይዛለች! ጉርምርምታው ደጀ ሰላሙን ሞላው።

ዳግማዊት ሰው እየገፋች ወጣች። «አባ፣ ዝም በይ ያልኋት እኔ ነኝ! ወፏ ድምፅ ከሰማች ትበራለች፣ ለማንም እንዳትመልሺ ብዬ ያስጠነቀቅኋት እኔ ነኝ። ምነው ቢጠይቁኝ?»

ቄሰ ገበዙ አመነቱ። በዚያች ቅጽበት ከኋላ አንድ ሰው፣ «ለልጃቸው ብለው ደኑን ለሥር ማሽ ሰጡት» ሲል ሰሙ። ኀፍረት ፊታቸው ላይ ወጣ። የለመኑት ሕዝብ ነው፤ ያመናቸው ሕዝብ ነው። መስቀላቸውን አነሡ።

«ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ ወደዚህ ደን የሚያስገባ፣ በሥልጣነ ክህነቴ የተገዘተ ይሁን!»

«አሜን» አለ ሕዝቡ። ዳግማዊት የሕይወትን እጅ ይዛ ሄደች።

አባትየው እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ጥርጣሬያቸው አሁን ወደ ራሳቸው ዞሮ ይበላቸው ጀመር። ልጄ ዋሽታኝ ታውቃለች? አታውቅም። እንግዲያስ ዛሬ ምን ሆና ትዋሻለች? ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ትልቁ ጽድ ሥር ሄደው ተቀመጡ። ብርዱ አጥንታቸው ድረስ ዘለቀ፤ አልተነሡም። ብርሃን ቅርንጫፎቹ መሐል ሲገባ፣ ግንዱን ተጠግታ የቆመች፣ ጆሮዎቿን የቀሰረች ትልቅ ጉጉት አዩ። ሊያማትቡ እጃቸውን አነሡና፣ ትበራለች ብለው ፈርተው መለሱት።

ጉጉቷ አንገቷን ዘረጋች። አፏን ከፈተች፣ ራሷን ነቀነቀች። አንድ ድብልብል ነገር ቅጠሉን እየመታ ወርዶ እግራቸው አጠገብ አረፈ። ፈረከሱት። ያው ጠጉር ነው፤ ያው አጥንት ነው።

«ምን አደረግሁ?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

ከመንገዱ በኩል የንፋስ መውጫው ሚኒባስ ጥሩምባ ተሰማ። ካባቸውን ሰብስበው፣ በዕድሜያቸው ሮጠው የማያውቁትን ሩጫ ሮጡ። መንገዱ ዳር ወደ ከተማ የሚሄደው የደብሩ ሰው ቆሟል፤ አበባውም አለ። ሕይወት ገብታ ተቀምጣለች። ዳግማዊት የራሷን ሻንጣ እያስጫነች ነው።

«ልጄ፣ አየኋት። ስትተፋው በዓይኔ በብረቱ አየሁ።»

«እኔ ስነግርዎት ግን አላመኑኝም።»

«አንቺን መቼ ገዘትሁ? እንግዳ የሚያስገባ ነው እንጂ ያልሁት...»

«ከእኔ በቀር እንግዳ የሚያስገባ ማን አለ አባ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሕዝቡ እኮ አሜን ያለው በእኔ ላይ ነው።»

ቄሰ ገበዙ ይህን በእውነት አላሰቡትም ነበር። አንድ ልጃቸውን፣ ለምነው ያስቀሯትን ልጃቸውን፣ በገዛ አፋቸው ከሕዝብ ፊት አስረዋታል። እንባቸው መጣ፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ስሙኝ! ትናንት ያሰርሁትን ዛሬ ፈትቻለሁ። ልጄም እንግዳዋም ጥፋት የለባቸውም። የሰው ጓዝ የፈተሽሁ፣ በሐሰትም የገዘትሁ እኔ ነኝ።»

ሰዉ ተያየ። «ጉጉት ሲጠብቁ ነው ያነጉት አባ?» አለ አበባው፣ አጠገቡ ያለውን ሰው በክርኑ እየነካ። ከእንግዲህ እሳቸውንም በጎን እንደሚያዩዋቸው ገባቸው። ግድ አልሰጣቸውም። በመስኮቱ ጎንበስ ብለው ሕይወትን «ይቅር በይኝ» አሏት።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለች ሕይወት፤ በርጋታ፣ ያለ ቂም።

ዳግማዊት ቀርባ መስቀሉን ተሳለመች። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ አባትየው፤ እጃቸውን ወደ ሻንጣው ዘረጉ። «ሻንጣሽን ላውርደው?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት።» ቀና ብላ አየቻቸው። «ነገ ሌላ እንግዳ ባመጣ፣ ጓዙን አይፈትሹበትም?»

አልፈትሽም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ግን መስቀሉ በእጃቸው ነው፤ መስቀል ይዞ አይዋሽም። የሚመጣውን እንግዳ አሰቡ፤ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሆነ፣ ምን ፈልጎ እንደሆነ። ቃሉ ዘገየ።

ዳግማዊት ጠበቀቻቸው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ፤ አሁንም ጠበቀቻቸው። ከዚያ ጉልበታቸውን ሳመችና ገብታ ከሕይወት አጠገብ ተቀመጠች።