መቶ ሠላሳ ሁለተኛዋ ወላጅ

ያ የምስክር ወረቀት አሁንም ቤቴ አለ። ሚስቴ አንድ ጊዜ መስታወት ውስጥ አስገብታ ልትሰቅለው ስትል ጮኽኩባት። ለምን እንደጮኽኩ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ያፍራል ብላ እንድታውቀኝ ሳይሆን ቁጡ ነው ብላ እንድታልፈኝ መረጥኩ።

በ1989 ዓ.ም. አርባ ምንጭ አካባቢ ባለችው ገረሴ አስተምር ነበር። ጎጃም ተወልጄ እዚያ ደጋ ስመደብ የተቀጣሁ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ብርዱንም ሰዉንም ለመድኩ። በዚያ ዓመት አርባ ምንጭ ለሥልጠና ተጠርተን «ተግባራዊ ምርምር» የሚባል ነገር ተማርን። መምህሩ በትምህርት ቤቱ ያለ አንድ ችግር ይመርጣል፤ ምክንያቱን ያጠናል፤ አንድ ነገር ይለውጥና ለውጡ ያመጣውን ይጽፋል። እኔ ችግር ፍለጋ አልደከምኩም። አምስት መቶ ተማሪ ይዘን ወላጆች ስንጠራ የሚመጡት አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ።

ከአሥራ አንዱ አንዷ ወርቄ ናት። ሸክላ ሠሪ ነች፤ ልጇ ልክነሽ አራተኛ ክፍል እኔ ዘንድ ትማራለች። ወርቄ ስብሰባ ቀርታ አታውቅም። የተሸከመቻቸውን ድስቶች በር ላይ ታወርድና የፊተኛው ዴስክ ላይ ትቀመጣለች። ሌላው ሲያንቀላፋ እሷ እጇን ታወጣለች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ጥያቄዋ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። «መምህር፣ ልክነሽ ማንበብ ደረሰ?»

ሌሎቹ ለምን እንደማይመጡ የነገረኝ እዚያው ገረሴ ተወልዶ ያደገው መምህር ገነነ ነው።

«የአገሩ ሰው ቁም ነገር የሚነጋገረው ዱቡሻ ላይ ነው» አለኝ። ዱቡሻ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት የሣር ሜዳ ነው። «በልጅ ዴስክ ላይ ጉልበቱን አጥፎ፣ ባንተ አማርኛ ሲወቀስ መዋል ማን ይፈልጋል?»

«እንግዲያው ስብሰባውን ዱቡሻ ላይ እናድርገው» አልኩ።

ገነነ በስሜ ጠራኝ። «ይበልጣል፣ ዱቡሻ ላይ ሁሉም ሰው አይቀመጥም። ሸክላ ሠሪዎቹ አይቀመጡም።»

«እሱን ቀስ እያልን እናየዋለን» አልኩት።

አላወቅኩም ነበር እንዳልል ይኸው ነግሮኛል። ባይነግረኝስ? እኔ በተወለድኩበት አገርም ሸክላ ሠሪውን ቡዳ ነው እያሉ ይሸሹታል። እናቴ ድስቱን ትገዛለች፤ የሠራችውን ሴት ግን ቤት አታስገባም። ይህን እያየሁ ነው ያደግኩት።

የዱቡሻው ሰብሳቢ ሽማግሌ አቶ ይፍሩ ሐሳቤን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ጉዳዩ የልጆች ስለሆነ እናቶችም በአንድ ወገን እንዲቀመጡ ፈቀዱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ መጣ። አቶ ይፍሩ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁ፣ ሁሉም አሜን አለ፣ እኔ ደግሞ በደብተሬ ላይ ቆጠርኩ። መቶ ሠላሳ አንድ። ከደስታዬ ብዛት ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩበት።

ወርቄ የመጣችው ያኔ ነው። ነጠላዋን አጥባ፣ ልክነሽን በእጇ ይዛ፣ እንደ ልማዷ ወደ ፊት አለፈች። አንድ ሰው ተነሣ። አልጮኸም፤ በዱላው ታች ያለውን መንገድ ብቻ አሳያት። ልጆች ሳይቀሩ ዞረው አዩዋት። እሷ ግን ማንንም አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው። የጠራኋት እኔ ነኛ።

አንገቴን ደፍቼ ደብተሬን አገላበጥኩ።

ልጇን ይዛ ወርዳ መንገዱ ዳር ቆመች። እኔ ተናገርኩ፣ ገነነ አስተረጎመ። ሰዉ ጠየቀ፣ ተከራከረ፣ ተስማማ። እንደዚያ ያለ ስብሰባ አይቼ አላውቅም። በየመሃሉ ወደ ታች ሰርቄ አይ ነበር፤ እንደቆመች ነች። ሲያልቅ በደብተሬ ላይ የጻፍኩት ቁጥር መቶ ሠላሳ ሁለት ነው። ቆጠርኳት። አንድ ሰው እንኳ እንዳይጎድልብኝ ቆጠርኳት።

በማግስቱ ልክነሽ ክፍል አልነበረችም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም። በስሟ ትይዩ «ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ። መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። ሪፖርቱን እየጻፍኩ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ሪፖርቴን አነበብኩ። ከአሥራ አንድ ወደ መቶ ሠላሳ ሁለት ስል አዳራሹ አጨበጨበ። አሠልጣኙ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ለውጡ ያራቀው ወላጅ ነበር?»

«አልነበረም» አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል፤ ሰዉ ትሕትና መሰለው። የምስክር ወረቀቱን ተቀብዬ ገረሴ እስክገባ ድረስ ከጉልበቴ ላይ አላወረድኩትም።

ወርቄ ቤት የሄድኩት በማግስቱ ነው። ደጃፏ ላይ ተንበርክካ ጭቃ ታሻለች። ስታየኝ ተነሣች፤ እጇ ጭቃ ስለነበር የእጇን አንጓ ዘረጋችልኝ። ጨበጥኩት። ተቆጥታኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ልክነሽን ለምን አስቀረሻት?» አልኳት። እንዲህ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ እሷን ጠያቂ ሆኜ።

«እኔ አላስቀረም» አለች። «ሰኞ ሄዶ ነበር። መምህር ሳይገባ ልጆች ከዴስክ ተነሺ አሉት። ‹እናትሽ ታች ቆመ፣ አንቺም ታች ቁሚ› አሉት። ድሮ እንዲህ አይሉም። ክፍል ውስጥ ዴስክ የሁሉም ነበረ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በዚያ ሁሉ አገር ወርቄና ልክነሽ ከሰው እኩል የሚቀመጡበት አንድ ዴስክ ነበር። እሱንም እኔ በምርምር ወሰድኩባቸው።

ወርቄ ጭቃውን ከጣቶቿ እየጠረገች ቆየች።

«መምህር፣ ያን ቀን ታች ሆኜ አልተሰማኝም። ምን ተባለ?»

ልክነሽ ድምፄን ሰምታ ወደ በሩ ብቅ አለች። ደብተሯን በእጇ ይዛለች።

«ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት አታስቀሩ ነው የተባለው» አልኩ።

«ለእኔም ነው?» አለች ወርቄ።

«አዎ» አልኳት።

«እሺ» አለችና ተመልሳ ወደ ጭቃዋ ተንበረከከች። ልክነሽ ግን በሩ ላይ እንደቆመች አየችኝ፤ ያን ዕለት ዱቡሻ ላይ እናቷ ባየችኝ ዓይን። በሌላ ቀን እመጣለሁ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እሷም ወደ ክፍሌ አልተመለሰችም፤ እኔም ወደ ደጃቸው አልተመለስኩም።