ያልተቆጠረው ተሳፋሪ

የከበሮው ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ሲሰማ ማንዳ አምስቱን ፎቅ በደረጃ ወርዳ፣ የዘይት መብራትና ሩዝ ያለበትን ትሪ እንደያዘች የሕንፃው በር ላይ ቆማ ነበር። አምላክ የምትቀበል ሴት አትመስልም፤ ክስ ይዛ የመጣች ነው የምትመስለው። ምን ታድርግ! ባሏ ዳታራም ለበዓሉ የዝሆን ራስ ያለውን አምላክ የጋኔሽን ትንሹን ምስል ይዤ እመጣለሁ ብሎ ምሎ ወጥቶ፣ ይኸው ፊቱ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ሃያ ሁለት ኪሎ የሚመዝን የጭቃ ጋኔሽ እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ በላብ ተጠምቆ፣ ጥርሱን እያሳየ መጣ።

"ይሄ ነው ትንሹ?" አለችው።

"ከትልቁ ያንሳል።"

"ሐኪሙ ምን ነበር ያለዎት? ልብዎ ደክሟል፣ ደረጃ አይውጡ፣ ከባድ አያንሱ አላለም?"

"ዕቃ አታንሳ ነው ያለኝ። ባፓ ዕቃ ነው እንዴ?"

ከበሮ መቺዎቹ ሳቁ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ጋኔሽን በቁልምጫ ስሙ እየጠራ "ጋንፓቲ ባፓ ሞሪያ!" ብሎ ሲጮህ የጊርጋዎን መንገድ ተናጋ። ማንዳም ሳትወድ በግዷ አብራ ጮኸች፤ ባፓ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፣ በእሱ ላይ አይኮረፍም።

ችግሩ ወዲህ ነው። ባፓን ከሠሪው ቤት ያነሳ ሰው፣ ታጥቦና ጾሞ ያነሳ ሰው፣ መቀመጫው ላይ እስኪያደርሰው ድረስ መንገድ ላይ አያስቀምጠውም፤ ላልጾመም አያቀብለውም። ልጆቻቸው ሩቅ አገር ናቸው። ከቤተሰቡ የጾሙት ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ሰዓቱ ደግሞ አይጠብቅም፤ ባፓ ሰባት ተኩል ሳይሞላ ካልተቀመጠ መልካሙ ጊዜ ያልፋል። አሁን ከሰባት አሥር ደቂቃ አልፏል። ዳታራም በደረጃ ከወጣ ልቡ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ይቆማል። የቀረው አሳንሰሩ ነው።

አሳንሰሩ ደግሞ ለማንዳ ጠላቷ ነው። የብረት ፍርግርግ በር ያለው፣ ደረጃው ዙሪያውን የሚጠመጠምበት የድሮ ሳጥን ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ከሦስተኛ ፎቅ እሷን እንደያዘ ተለቀቀና ምድር ቤት ሲደርስ ተፈጠፈጠ። ነፍሷ ተረፈች፤ የትከሻዋ አጥንት ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። ገመዱ ተቀየረ፣ ሞተሩ ተቀየረ፣ ባለሙያ መጥቶ ፈረመ። ማን ይስማው! እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ማንዳ ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት ለመግዛትም ቢሆን በደረጃ ነው የምትመላለሰው።

አሳንሰሩን የሚነዳው ባባን በሩን ከፈተ። ዳታራም ባፓን እንዳቀፈ ገባ። አራተኛ ፎቅ የሚኖረው የኤሌክትሪክ ጠጋኙ ሺርሳት ቦርጩን እየገፋ ተከተለ፤ ከሱ የማይተናነስ ወንድሙም ገባ።

"ስንት ሆናችሁ?" አለች ማንዳ። ግድግዳው ላይ "አራት ሰው" የሚል ጽሑፍ አለ።

"አራት። ልክ ነን!" አለ ሺርሳት።

"ባፓስ?"

"እትዬ ማንዳ! ባፓ ይቆጠራል እንዴ? ጌታውን እንደ መንገደኛ ልቆጥረው ነው?"

ሁሉም በዚህ ተስማማ። አምላክን ከተሳፋሪ ጋር ደምሮ መቁጠር ነውር ነው፤ በዚያ አገር ይህን የሚያደርግ አፍ የለም። ማንዳም አፏን ያዘች። ሃያ ሁለት ኪሎው ግን ነውር አያውቅም።

ሳጥኑ እያቃሰተ ተነሳ። ማንዳ ሳሪዋን ሰብስባ በደረጃው ከጎኑ ሮጠች። በፍርግርጉ ውስጥ የባሏን ፊት ታያለች፤ አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አብራ ትዞራለች፣ ከበሮው ከታች ይጎሰማል። ዳታራም ዓይኑን ጨፍኗል። "ይጸልያል" አለች በሆዷ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ አሳንሰሩ አንድ ስንዝር አለፈና ጓ! ብሎ ቀጥ አለ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

"በዛብኝ እያለ ነው" አለ ባባን። "ሁለታችሁ ውረዱ።" ሺርሳትና ወንድሙ እያጉረመረሙ ወረዱ። ሳጥኑ ትንፋሽ እንዳገኘ ሰው ከፍ አለ። ዳታራም ግን አልቀለለውም፤ ክንዶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ ባፓ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ጀምሯል።

"ያዙልኝ" አለ በቀጭን ድምፅ።

ሺርሳት እጁን ሊዘረጋ ሲል ቆም አለ። "ጋሼ፣ እኔ ጠዋት ሻይ በዳቦ በልቻለሁ።"

"እኔም" አለ ወንድሙ።

ባባን ራሱን ነቀነቀ። እሱማ ጠዋት ሁለት ጊዜ ነው የበላው።

ሁሉም ወደ ማንዳ ዞሩ። ታጥባለች፣ ጾማለች፣ የቤቱ ሴት ናት። በእሷና በባሏ መካከል ያለው የአሳንሰሩ ደፍና አሥራ አንድ ዓመት ነው።

"እናንተ ሰዎች!" ብላ ጮኸች፤ ማንን እንደምትሳደብ እሷም አላወቀችም። ትሪዋን ለባባን አቀበለችና እግሯን አነሳች። ወለሉ ከሥሯ ትንሽ ሲረግብ "ወይኔ እናቴ!" አለች። ከዚያ ግን ገብታ ነበር። እጆቿን በባፓ ሥር አስገብታ ከባሏ ጋር ፊት ለፊት ቆመች። የሚወድቅ ከሆነ ሦስታችንንም ይዞ ይውደቅ ብላ ቆረጠች።

"ንዳው!" አለች ባባንን። "ምን ታየኛለህ? ንዳው እንጂ!"

ወጡ። አራተኛው ፎቅ አለፈ። ማንዳ "ባፓ፣ ባፓ፣ ባፓ" ትላለች፤ ዝም ካለች የሚወድቁ ይመስል አታቋርጥም። አምስተኛው ፎቅ ላይ የተሰቀለው የአበባ ጉንጉን ሲታያት "ደረስን!" ብላ ልትስቅ ስትል የመላው ሕንፃ መብራት ድርግም አለ። በየቤቱ የበዓል አምፖል፣ በየማድ ቤቱ መፍጫ፤ ፊውዙ እስከ መቼ ይችለው?

ሳጥኑ በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መካከል ተንጠልጥሎ ቀረ።

"አንተ!" አለች ማንዳ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ "እርስዎ" ስትለው ኖራ በዚያች ቅጽበት አንተ አለችው። "አንተ ሰው፣ እንዳትሞትብኝ! ብትሞት አልምርህም!"

"ባፓን አትልቀቂው እንጂ እኔስ አልሞትም" አለ ዳታራም። ዓይኑን አሁንም እንደጨፈነ ነው።

ሺርሳት ፊውዝ ሊቀይር እየጮኸ ወደ ምድር ቤት ሮጠ። ከላይ ደግሞ ሥርዓቱን የሚያደርሱት ጉሩጂ እየተንደረደሩ ወረዱ። ከዚህ ሌላ ስድስት ቤት ይጠብቃቸዋል፣ ሞተራቸው ውጭ ቆሟል። ደረጃው ላይ ከሳጥኑ ትይዩ ቆመው ሰዓታቸውን አዩ።

"አራት ደቂቃ ቀረን! የት ይቀመጥ?"

"የእኔ በርጩማ አለ" አለ ባባን። ሃያ ዓመት የተቀመጠባትን በርጩማ በመሐረቡ ወለወለ፣ ደግሞ ወለወለ። ማንዳ በአንድ እጇ ከትሪው ሩዝ ዘግና በተነችበት። ባልና ሚስት ጎንበስ ብለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ባፓን አስቀመጡ። ጉሩጂ የፊቱን ጨርቅ እንድታነሳ አዘዟት፣ በፍርግርጉ ቀዳዳ ውኃ ረጩ፣ ለጭቃው ምስል ትንፋሽ የሚሰጠውን ቃል እንደ ባቡር አከታትለው አንበለበሉት። ሲጨርሱ ሰባት ተኩል ሊሆን አንድ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ከምድር ቤት እስከ አምስተኛ ፎቅ ደረጃውን የሞላው ሰው በእልልታና በጭብጨባ ሕንፃውን አናወጠው። ባባን አለቀሰ። ማንዳ ፍርሃቷን ረስታ እንደ ኮረዳ ዘለለች፤ ሳጥኑ ሲወዛወዝባት ግን ቶሎ ቀጥ አለች።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መብራቱ መጣ፣ ባባን መሪውን ያዘ፣ ጉሩጂም በዚያው ቅጽበት ግንባራቸውን መቱ።

"ወይ ጉድ! ቁም! ትንፋሽ ሰጥቼዋለሁ እኮ! አሁን ባፓ ከተቀመጠበት አይነቃነቅም። የናንተ ቤት ስንብት፣ ወደ ባሕር የሚሸኝበት፣ ነገ ከሰዓት ነው። እስከዚያ እዚሁ ነው!"

ምንም የሚወጡበት በር በሌለበት፣ በፎቅና በፎቅ መካከል፣ እስከ ነገ? የዳታራም መድኃኒት ያለው እቤት ነው። ከንፈሩ እንደገና አመድ መሰለ፣ ቁልቁል ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ባባን መሪውን ለቀቀ። ሃያ ዓመት አምስት ፎቅ ያመላለሰ ሰው አንዲት ስንዝር ለመንዳት ፈራ።

"ጉሩጂ" አለች ማንዳ፣ "ሰው ባቡር ላይ ተኝቶ ቢሄድ ከአልጋው ተነሳ ይባላል?"

"እሱማ... አይባልም።"

"እንግዲያው ባፓም ከበርጩማው አይነሳም። ቤቱ ነው የሚሄደው።" ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የበርጩማዋን እግሮች በሁለት ክንዷ እቅፍ አደረገች። የተሰበረው ትከሻዋ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። "ባባን፣ ወንድሜ፣ እንቁላል እንደጫንክ አድርገህ ንዳ። ባፓ ቢነቃነቅ ኃጢአቱ የኔ ነው።"

ባባን ነዳ። የመቆጣጠሪያው ድምፅ፣ የገመዱ ጩኸት፣ አንዷም አላመለጠቻትም። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ከዚያ አምስተኛ ፎቅ። ከበርጩማዋ ላይ አንድ የሩዝ ፍሬ እንኳ አልወደቀም። ጉሩጂ "ተመስገን" ሳይሉ ወደ ሞተራቸው በረሩ።

ዳታራም ተደግፎ ወጣ፣ መድኃኒቱን ዋጠ፣ አልጋው ላይ ተጋደመ። ባፓ ግን በሩ ተከፍቶ አሳንሰሩ ውስጥ ቀረ። የዘይት መብራቱ እንዳይጠፋ፣ አምላክም ብቻውን እንዳይሆን የቤቱ ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት። ማንዳ ተቀመጠች። ከሰዓቱን በሙሉ የሕንፃው ሰው በደረጃ እያለከለከ እየመጣ ሰገደ፣ ሞዳክ የሚሉትን ጣፋጭ በላ። ሺርሳት አምስተኛ ፎቅ ሲደርስ መናገር አቅቶት ነበር። "ይበልህ፣ እስቲ አሁን ባፓን ቁጠር" አለችው ማንዳ፣ ለሱም ሁለት ሞዳክ ጨመረችለት።

ሰው ሲቀልል ዳታራም በሩ ላይ መጣ። አሳንሰሩ ፊት ቆመ፣ ፍርግርጉን ጨበጠ። ዓይኑን ጨፈነና አንድ እግሩን አስገባ።

"አሁንም ትጸልያለህ?" አለች ማንዳ።

"የምን ጸሎት!" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። "ፈርቼ ነው። አንቺን ይዞ ከወደቀ ወዲህ ጨፍኜ ያልወጣሁበት ቀን የለም። ልቤ ሳይደክም በፊትም ጭምር።"

"አሥራ አንድ ዓመት? ለምን አልነገርከኝም?"

"ሁለታችንም ከፈራን ማን ይደፍር? አንቺ በደረጃ ስትሮጪ ኮቴሽን ነበር የምሰማው። እሱን እየቆጠርኩ ነበር የምደርሰው።"

ማንዳ እጁን ከፍርግርጉ ላይ ጣት በጣት አላቀቀችና ወደ ውስጥ ሳበችው። ወለሉ ረገብ ሲል ሁለቱም ደነገጡ፣ ሁለቱም አዩ መደንገጣቸውን፣ ደረጃው ላይ ያለ ሰው እስኪሰማ ድረስ በአንድ ጊዜ ሳቁ።

"ነገ ባፓን ስናወርድ" አለችው፣ "ዓይንህን ትገልጣለህ። እኔን እያየህ ነው የምትወርደው።"