አራተኛው ቦታ ላይ የተጣለው መረብ

ቨርና ግትር ናት። ሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ታናሽ ወንድሟ ክሊፎርድማ አብሯት አድጎ፣ እሱ ያላየው ግትርነት የት አለና!

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነሐሴ ሲያልቅ እነዚያው አሥር ቦታዎች ላይ መረብ ትጥላለች። የሚወጣውን ነጭ ዓሣ ትቆጥራለች፣ ትለካለች፣ ዕድሜውን ታያለች። ሐይቁ ውስጥ ዓሣው መጨመር መቀነሱ የሚታወቀው በዚህ ነው። ቅጹ ላይ እሷ ትፈርማለች፤ መረቡ እዚያው ቦታ መጣሉን ያየ የጀልባ ነጂም ይፈርማል። ያለ ሁለቱ ፊርማ ቆጠራው ዋጋ የለውም።

ዘንድሮ ነጂው ክሊፎርድ ሆነ። እሱ ደግሞ ዓሣ አጥማጅ ነው። ቁጥሩ አሁንም ከወረደ፣ ብርዱ መጥቶ ሐይቁን በረዶ ሲይዘው ማጥመድ ይከለከላል፣ ሁለት ልጆቹ የሚበሉት ያጣሉ።

አራተኛው ቦታ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋና፣ «ስሚ፣ እዚህ ምን አስቀመጠን? ወንዙ አፍ ላይ እንጣለው። ትናንት እዚያ መረቤ ከብዶኝ ማንሳት አቃተኝ» አላት።

«አዬ ሞኙ! ዓሣው የተሰበሰበበት እየሄድኩ ብቆጥርማ፣ የመጨረሻዋ እስክትያዝ ድረስ ሐይቁ ሙሉ ነው እያልኩ ልኖር ነው።»

«ልጆቼን ምን ላብላቸው? አንቺን?»

«እኔንስ ተው፤ ሥጋዬ ጠንካራ ነው፣ ጥርሳቸው ይረግፋል።»

መረቡን እዚያው ጣለችው። በማግስቱ ሲያወጡት፣ የመረቡ ዐይን፣ ማለት ቀዳዳው፣ ሰፊ ከሆነበት ጫፍ አንዲት ትልቅ ዓሣ ተገኘች። ትንንሾቹን እንዲይዝ በተሠራው፣ ጣት በማያስገባው ደቃቁ ጫፍ ግን ሣር ብቻ ነበር።

ዳር ወጥተው ቨርና ከዓሣዋ ጭንቅላት የጆሮ ድንጋይ የሚባለውን ጠጠር አወጣች፤ ሰብራ በእሳት ለብለብ አድርጋ በማጉያ መስታወት ቀለበቶቹን ቆጠረች። በየዓመቱ አንድ ቀለበት ነው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው» አለችው። «ልጆቿ የታሉ?»

«የእኔ መረብ ዐይኑ ሰፊ ነው፣ ትንሹ ያመልጣል።»

«የእኔስ?»

ክሊፎርድ ወደ ደቃቁ ጫፍ ተመለከተ። የመጀመሪያው ዓመት ቆጠራ ላይ አብሯት ነበር፤ ከዚህ ደቃቅ መረብ ትንንሾቹን ሲያላቅቅ ግማሽ ቀን ፈጅቶበት፣ እጁ ተላልጦ፣ እየተራገመ ነበር የዋለው።

ቨርና «አንድ» ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ቅጹን ገፋችለት።

«ካልፈረምክ ነገ ብቻዬን እየቀዘፍኩ እመጣለሁ፤ የሚፈርምልኝ እስካገኝ ከነገ ወዲያም። አንተ ስለተቆጣህ ዓሣ አይወለድም!»

ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ተጭኖ ፈረመ።

«በረዶ ሲገባ ቤቴ ድርሽ እንዳትይ!»

«እመጣለሁ! ምን ታመጣለህ?»

ክሊፎርድ ፊቱን አዞረ። ንዴቱም እንባውም አንድ ላይ መጣበት።

«ባዶ እጅሽን ግን እንዳትመጪ» አላት።