በድምፅ የሚደረግ ጥሪ

ወንድም ጋሼን የሥራ ባልደረቦቹ «ፀጥታ» ይሉታል። ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰማም፣ አይናገርም። አዲስ ሠራተኛ ቅጽል ስሙን ሲሰማ የጥበቃ ክፍል ሰው እየመሰለው መታወቂያውን አውጥቶ ያሳየዋል። እሱም ሳይስቅ አገላብጦ ያይና ይመልስለታል። በእውነቱ የመንግሥት የቴሌኮም ምርምር ማዕከል መሐንዲስ ነው።

ባለፈው ዓመት የማዕከሉ ሊፍት መሃል ላይ ቆመበት። የአደጋ መጥሪያውን ተጫነ። ከወዲያ በኩል «ምን እንርዳ?» ብለው ጠይቀው ኖሯል፤ መልስ ሲያጡ ዘጉት። በማግስቱ የጀመረው ምርምር በጽሑፍ የሚላክ የአደጋ ጥሪ ነው፤ ኔትወርክ ሲጨናነቅም ሾልኮ የሚያልፍ። ሠርቶለታል፤ የቀረው በጀት ነው።

እኔ ደግሞ ሕግ አርቃቂ ነኝ። ለማዕከሉ ሥልጣንና በጀት የሚሰጠው ረቂቅ አዋጅ የወጣው ከእኔ ጠረጴዛ ነው። ከእኔ እጅ ከወጣ በኋላ ግን አንድ ብልህ ከድሮው ሕግ ላይ ትርጓሜ ገልብጦ አስገባበት፦ «የአደጋ ጥሪ ማለት በድምፅ የሚደረግ ጥሪ ነው።» እንዲህ ሆኖ ከጸደቀ የወንድሜ ሥራ ከሕጉ ውጭ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ቋሚ ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ጠዋት ሳነበው ደሜ ፈላ። እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሰው ግን አይደለሁም።

ረቂቁን እንዳብራራ ተጠርቼ ኮሚቴው ፊት ቀርቤያለሁ፤ ወንድም ጋሼ ከኋላ፣ ከእንግዶች ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ‹በድምፅ› የሚለው ቃል ይውጣ» አልኩ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ልጄ፣ ያለ ድምፅ ደግሞ ምን ዓይነት ጥሪ አለ? ካስፈለገ በኋላ በመመሪያ ይስተካከላል።»

«መመሪያ አዋጁን አይሽርም። ያ ከኋላ የተቀመጠው መሐንዲስ ወንድሜ ነው፤ አልደብቅም። ሊፍት ውስጥ ተዘግቶበት ተጣርቷል፤ ጥሪ ነው ያለው ሰው ግን የለም።»

«እሱስ ያሳዝናል። ቢሆንም ድምፅ ድምፅ ነው።» ወደ አባላቱ ዞሩ። «በሉ፣ ረቂቁ እንዳለ ይጽደቅ የምትሉ ድምፅ ስጡ።» ቀድመው እጃቸውን አወጡ።

እኔም የምጠብቀው ይህችኑ ነበር።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ድምፅ ሰጡ እንዴ?»

«ይኸው! አታዪም?»

«ማየቱንስ አየሁ። ምንም አልሰማሁም እንጂ።»

መጀመሪያ አንዷ አባል ሳቀች፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ሰብሳቢው የገዛ እጃቸውን ቀና ብለው አዩትና ቀስ ብለው አወረዱት።

«አንቺ ነገረኛ ነሽ» አሉ።

«ደመወዝ የሚከፈለኝ ለሱ ነው፣ ክቡር ሰብሳቢ።»

ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «እሺ፤ ‹በድምፅ› የሚለው ይውጣ የምትሉ?»

እጆች ወጡ፤ የሳቸውም ጭምር። ጸሐፊዋ ቆጠረች። «አሥራ ሁለት» አለችና ደነገጠች። የኮሚቴው አባላት አሥራ አንድ ናቸው።

ዞር ስል ወንድም ጋሼ እጁን ወደ ጣሪያው ቀጥ አድርጎ አውጥቷል፤ መታወቂያ ሲፈትሽ የሚያሳየውን ያንኑ ፊት ይዞ።

ሰብሳቢው አዩት። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ።

«ከቆጠራው ቀንሺው» አሉ። «ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ተሰምቷል ብለሽ ጻፊ።»