ከመብራቱ ኋላ

ታናሽየው ድሮን አብራሪ ነው፤ ታላቅየው ደግሞ በደረቱ እየተሳበ የዋሻ ካርታ የሚያነሳ። የሚሠሩት አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ታናሽየው ግን ዕድሜውን ሙሉ የወንድሙን ተረከዝ ሲያይ ነው የኖረው፦ የወንድሙን አሮጌ ጫማ አደረገ፣ በወንድሙ አማላጅነት ሥራ ገባ። ድሮኗ በእጁ የገባች ዕለት ልቡ ጮቤ ረገጠ። ታላቅየው ምን ቢል ጥሩ ነው? ባልደረቦቹ ፊት፣ ሚስቱ እየሰማች፣ «እግር የሌለው ነገር ስለ መሬት ምን ያውቃል? ይቺን ዝንብህን ወዲያ በልልኝ!» ብሎ ሰዉን በሳቅ ገደለው። ሰው ይረሳል ይላሉ፤ ውሸት ነው! የተሳቀበት አይረሳም።

እናላችሁ፣ ያ ኩሩ ሰው አንድ ቀን ብቻውን ዋሻ ገብቶ ሳይመለስ አደረ። ገመድ ይዘው የሚገቡት ነፍስ አዳኞች ከሩቅ ከተማ እስኪደርሱ ድረስ ታናሽየው ዋሻው አፍ ላይ ተቀመጠና ድሮኗን ላካት። ፀሐይ እንዳያጥበረብረው ከነስክሪኑ ጨርቅ ተከናንቧል። የወንድሙ ሚስት አጠገቡ ቆማ ጨርቁን ብቻ ታያለች።

ድሮኗ ሰው የማይደፍረውን አቋራጭ ይዛ ገባች። ብዙም አልቆየች፣ አገኘችው! ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል፤ የእጅ ባትሪው ጠፍቶበት በጨለማ። መብራቷን ሲያይ ተንደርድሮ ተነሳና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ አለ። አዎ፣ ለዝንቧ እጅ ነሣ።

«አለ! በሕይወት አለ!»

«እግርህ ሥር ልውደቅ፣ ወንድሜ!» አለች ሚስትየው፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አለቃቸው በሬዲዮ ጮኸ፦ «ስማ፣ ንክች እንዳታደርገው! ድሮኗን እዚያው አጠገቡ አሳርፋት፤ መብራት እያየ ይቀመጥ። ገመደኞቹ ልጆች ሊደርሱ ነው።»

«እሺ፣ አለቃ» አለና ጆሮ ዳባ ልበስ። ገመደኞቹ ካወጡት ነገ የሚወራው የገመደኞቹ ጀብዱ ነው፤ እሱ ያው ዝንብ አብራሪ ሆኖ ሊቀር። የለም! ወንድሙ በእሱ መብራት እየተመራ፣ ሚስቱ ፊት፣ በእግሩ ይወጣል። ለእሷም፣ «መብራቱን ጠብቂ፤ ከመብራቱ ኋላ ይመጣልሻል» አላት። እሷም ሮጣ የዋሻውን አፍ ተጠጋች።

ድሮኗን ራቅ፣ መለስ፣ ራቅ አደረጋት። ታላቅየው ገባው፤ ተከተለ። «ና፣ የኔ ጌታ፤ ዛሬ እንኳን አንተ ተከተለኝ» አለ ታናሽየው ጨርቁ ውስጥ፣ ጥርሱ እስኪታይ እየሳቀ። ካሜራዋና መብራቷ ያሉት በአንድ በኩል ነው። የወንድሙን ፊት እያየ መደሰት ስለፈለገ ወደ ኋላ ነበር የሚያበራት። መብራቱ ሰውየው ዓይን ላይ ተተከለ፤ ዓይኑን አጨንቁሮ፣ ፈገግ ብሎ ይራመዳል።

ያ አቋራጭ መሐሉ ገደል ነው። ስትገባ አይቶታል። ግን ለሚበር ሰው ገደል ምኑ ነው? አለፈው፣ ረሳው።

ስክሪኑ ላይ የወንድሙ ፈገግታ ነበር፤ ከዚያ ግድግዳው ብቻ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። ይኸኛው ምኑን ይለቅማል? ድሮኗን ወደ ታች ሊያወርዳት ሞከረ። ባትሪዋ እያለቀ ነበር፤ ባትሪዋ ሲያልቅ ደግሞ ማንንም ሳትሰማ በራሷ ወደ ተነሳችበት ትመለሳለች፣ እንዲህ ነው የተሠራችው። ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነ፤ እምቢ አለችው። ገደሉን ትታ ዞረች። ጨርቁን ሊገልጥ ድፍረት አጣ፤ እዚያው ተከናንቦ ቀረ።

«መጣ! መብራቱ መጣ!» ስትል ሰማት።

ድሮኗ ከጨለማው ወጥታ ቀስ ብላ ከሴትየዋ እግር ሥር አረፈች። ሴትየዋ ልብም አላለቻት፤ ተሻግራት አለፈችና የዋሻውን አፍ በሁለት እጇ ይዛ አጎነበሰች።

«ቀስ በል እሺ፣ ሆዴ» አለች ወደ ውስጥ። «አትቸኩል፣ እዚሁ ነኝ።»